ወጌሻ በወጌሻ ሲዳኝ

ሁለት ወጌሻ አንድ እግር አይተው ተስማምተው አያውቁም። ይህን ስላችሁ የሰው ሙያ የማማ እንዳይመስላችሁ፤ እኔው ራሴ ወጌሻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳ ጎረቤቴ ክንዷን ታስራ ስትመጣ፣ ገና ከደጅ ሳለች «ማን ነው እንዲህ የተጫወተብሽ?» አልኳት። ማሰሪያውን አልፈታሁ፣ ክንዷን አልዳሰስኩ። ኋላ ፈትቼ ሳየው ደህና አድርገው ጠግነዋታል። ቢሆንም አፌን አንዴ ከፍቻለሁና እያጉረመረምኩ እንደገና አሰርኩት።

አትሳቁ። ፀጉር ቆራጩስ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደሉ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው? «ማን ነው እንዲህ የላጨህ?» አይደለም? ግንበኛ የሌላውን ግንብ አይቶ ከንፈሩን ሳይመጥ ያልፋል? የቤተ ክህነቱማ የባሰ ነው። አንዱ መሪጌታ ሌላው ደብር ሄዶ ማኅሌት የሚቆመው ለጽድቅ ብቻ ይመስላችኋል? የዜማ ግድፈት እየለቀመ ነው። እኛም ያው ነን። ልዩነቱ የኛ ሐሜት በሰው ገላ ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ሐሜታችን ታዲያ አንድ ጊዜ ፍርድ ላይ ቀርቦ ያውቃል። በጣሊያን ጊዜ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሲደላደል ሐኪም ቤት ከፈተ። ሐኪሙን «ዶቶሬ» እንለው ነበር። ቀጭን፣ እጁን ታጥቦ የማይጠግብ ሰው ነው። አጥንት ግን አያውቅም። አገሩ ሳለ የቆዳ ሐኪም ነበር አሉ፤ እከክ ያለበት ሰው ሲመጣለት ፊቱ ይበራል፣ የተሰበረ ሲመጣበት ሌላ ሥራ ትዝ ይለዋል። በዚያ ላይ የደጀንን መንገድ ወደ ዓባይ ሲያወርዱት ድንጋይ እየተንከባለለ ቅልጥሙን የሚያደቀው ሠራተኛ በዛ። ዶቶሬው ቢጨንቀው አለቆቹን አስፈቅዶ ካገሩ ወጌሻዎች እኛን በመንግሥት ደሞዝ ቀጠረ። እኛ ማለት አያ ሙጬ፣ ከቁይ የመጣው ልየው፣ እና እኔ ጫኔ ነን።

«ታዲያ ለጣሊያን አደራችሁ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ አደርን። የሚሰበረው ያገሬ ሰው ነው፤ ከፋዩ ጣሊያን ነውና አልዳስስህም ልበለው? ደሞዙንም አልጠላነውም፤ ለምን እዋሻለሁ።

አያ ሙጬን ልንገራችሁ። በዕድሜም በሙያም በላያችን ነው። ሙያው ከአባቱ የወረደ ነው፤ እኔንም ልየውንም ያስተማሩን እኒያው አባቱ ናቸው። ኩታ ለብሰህ ብትቀርበው ከነኩታህ ዳሶ የተሰበረው የቱ ጋ እንደሆነ ይነግርሃል። የሱን እጅ ያየ ሰው የኛን እጅ አይፈልግም። አመሉ ግን አያድርስ ነው። እኔ ያሰርኩትን ሰው መንገድ ላይ ካገኘ አስቁሞ «ይህን ያሰረው ሰው የጤፍ ነዶ ቢያስር ይሻለው ነበር» ይላል። ልየውንማ በገበያ መሃል «አንተ ካሰርከው እግር ጅብ የበላው ይድናል» ብሎታል። ልየው ያችን ቃል እንደ ዳዊት ሲደግማት ይኖር ነበር።

አያ ሙጬ ሚስቱ ሞታበታለች። ያለችው ውዴ የምትባል አንዲት ልጅ ናት፤ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ግርጌ ተድራለች። አንዳንድ ጊዜ ስንቅ ይዛለት ትወርዳለች። ጥሬውንም ዳቦውንም ዘርግታ ለሱ ካቀረበች በኋላ ለእኔና ለልየው ትቆርስልናለች። «አባቴ ለነሱ አትስጪ፣ ከጠገቡ ሥራ ይጀምራሉ ብሎኛል» ትልና ትስቃለች። ከአባቷ የወረሰችው አፉን ነው፤ ልቧ ግን ሌላ ነበር።

በውዴ ደጅ ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች ይወጡ ይገቡ ነበር። ባሏም ከነሱ አንዱ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይመጣሉ፣ እህል ይቀምሳሉ፣ ቁስላቸውን ያሳስራሉ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ልየውም ያውቃል፣ ገበያው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ዶቶሬው ብቻ ነው።

ሌላ ደግሞ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ግራዝማች እንዳለ ይባላል። ግራዝማች ያለው ጣሊያን ነው፤ እኔ አንቱ አልለውም፣ ምላሴ ይያዛል። የዚያው የጮቄ ልጅ ነው፤ መውጫ መውረጃውን፣ ዋሻ ፏፏቴውን አብጠርጥሮ ያውቃል። ለጣሊያን ጦር መንገድ እየመራ ሊያወጣ ቃል ገብቷል። በሱ መሪነት ጦሩ ሊወጣ ሲሰናዳ፣ ግራዝማች በቅሎውን ሰው እንዲያይለት ጨሞጋ ወንዝ አጠገብ ሲያስፈነጥዝ ወደቀና ቅልጥሙ ተሰበረ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ። ተሸክመው ሐኪም ቤት አመጡት። ዶቶሬው ከኛ መካከል ማንን ጠራ? ያው አያ ሙጬን።

አያ ሙጬ ቁጭ ብሎ እግሩን ጭኑ ላይ አደረገ። አሸው፣ ሳበው፣ በቀርከሃ ስንጣሪ አሰረው። አጥንቱ ገጠመ። ግራዝማች መጀመሪያ በምርኩዝ፣ ኋላም ያለ ምርኩዝ በከተማው መንጎራደድ ጀመረ። ዶቶሬው በጣም ደስ አለው። ቀኑ ደርሶ ጦሩ ተሰለፈ፣ በቅሎዋ ተጭና ቀረበች፣ ግራዝማች ሊወጣ እግሩን አነሳ። አውራ ጣቱ እርካቡን ሳተችው።

እርካብ በኛ አገር በአውራ ጣት ነው የሚያዘው፤ ይህን ልጆቻችሁ ላያውቁ ይችላሉ። ግራዝማች ጣሊያን የሰጠውን ጫማ ከተማ ውስጥ ያደርጋል እንጂ በቅሎ ሲወጣ አውልቆ ለአሽከሩ ያሲዛል። ሌላ አያውቅበትም። እግሩ ደግሞ ወደ ውጭ ጥቂት ዞሯል። ሜዳ ላይ ማንም አይለየው። ዳገት ላይ ያንሻፍፈዋል። እርካብ ላይ ግን ቢገፉት፣ ቢደግፉት፣ ቢያነሱት፣ ጣቱ ብረቱን አልይዝ አለች። በቃሬዛ እንውሰድህ አሉት። በቃሬዛ የሚሄድ ሬሳ ነው፣ አገሬ እንደ ሬሳ አልገባም ብሎ እምቢ አለ። ጦሩም ሳይወጣ ቀረ።

የጦሩ አዛዥ ነደደ። ይህ ሰው ሆን ብሎ ነው ያጣመመው፣ ይሰቀል አለ። ያን ጊዜ ገመድ ቅርብ ነበር። ገበያ ስትሄዱ የተንጠለጠለ ሰው አይታችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ፣ ጨዋችሁን ገዝታችሁ ትመለሱ ነበር። ዶቶሬው ግን ተከራከረ። የቀጠርኩት እኔ ነኝ፣ ባገሬ ሐኪምን የሚዳኘው ሐኪም ነው፣ ስለዚህ ይህንንም የሙያ ጓደኞቹ ይመርምሩት አለ። ለሙጬ አዝኖ አይመስለኝም። በሱ ደሞዝ የሚያድር ሰው ተንኮለኛ ተብሎ ከሚሰቀል፣ ደንቆሮ ተብሎ ቢባረር ይሻለው ነበር።

እኔና ልየው ተጠራን። አስተርጓሚው ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረን። ሙጬ ሥራውን ባለማወቁ አበላሽቶ ከሆነ ይባረራል። እያወቀ አጣሞት ከሆነ ይሰቀላል። ዳሱና ፍረዱ።

የግራዝማች እግር ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። አያ ሙጬ የፊጥኝ ታስሮ ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ እኔ ዳሰስኩ። ከጉልበቱ ጀምሬ ቅልጥሙን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። የተበላሸ ጥገና ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ስንሠራው የኖርን አይደለንም እንዴ? ጉጥ አለው፣ ከንፈር አለው፣ ጣት ያደናቅፋል። ይህኛው ልሙጥ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ብቻ፣ እርካብ ካልሆነ ማንም በማያገኛት ቦታ፣ ዞር ተደርጓል። ጣቴ እዚያ ላይ ቆመ። ስሕተት እንዲህ አያምርም።

ልየው ተከተለኝ። የሱም ጣት እዚያችው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

እንግዲህ ፍረዱ። እውነቱን ብንናገር፣ ይህ ሰው የሁላችንም አለቃ ነው፣ ከሱ እጅ እንዲህ ያለ ነገር በስሕተት አይወጣም ብንል፣ ገመድ ነው። ስለዚህ ልናዋርደው ነው። ሰውዬውን ለማዳን ስሙን መግደል ነው። እና ምኑ ያስቸግራል? ዕድሜያችንን በሙሉ በሹክሹክታ ስንለማመደው ኖረናል፤ አሁን በመንግሥት ፈቃድ ጮክ ብለን ልንለው ነው።

እኔ ጀመርኩ። ይህን ሰው ወጌሻ ያለው ማን ነው አልኩ። በጌ ብትሰበር አላስነካትም አልኩ። ቅልጥም ከመቋሚያ አይለይም፣ እጁ ቀላል ነው የሚሉት ስለማይዳስስ ነው አልኩ። አስተርጓሚው ሊደርስብኝ አልቻለም። ልየው ተቀበለኝ። ያችን የገበያዋን ቃል ከነወለዷ መለሰለት። ይህ ያሰረውን እግር ውሻ እንኳ አይልሰውም አለ። እንዲህ እያልን ስንቀባበል ጉሮሯችን ተከፈተ፣ አንደበታችን ሰላ። እኔም ሞቅ ሲለኝ፣ እንዲህ ያለውን ስብራት እኔና ልየው ዓይናችንን ታስረን እናቀናው ነበር አልኩ። ልየው ደግሞ በመጨረሻ፣ አባቱም እንዲሁ ነበሩ፣ ያገሩ አንካሳ ሁሉ የሳቸው ሥራ ነው አለ።

ይህስ በዛ። ያስተማሩትን ሰው፣ በሞቱበት! አያ ሙጬ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆይቶ አሁን ቀና አለ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። በቃ፣ ሊናገር ነው፣ እኔ ሆን ብዬ ነው ያዞርኩት፣ እናንተ ብትሞቱ አትችሉትም ሊል ነው አልኩ በሆዴ። ትዕቢቱን አውቀዋለሁ። ዶቶሬው በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀው፤ ጓደኞችህ የሚሉትን ትቀበላለህ ወይ?

አያ ሙጬ ወደ ዶቶሬው አልዞረም። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ነው የመለሰው።

«አልቻልኩበትም» አለ። «እነሱ ያሉት እውነት ነው።»

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ያን ቀን ያ ሰው ሙያውን በልቡ ውጦ፣ ውርደቱን በአደባባይ ተቀብሎ ሲወጣ አየሁ። ፈቱት። ሁለተኛ ሰው እንዳይነካ ተብሎ ተባረረ። ወደ ቤቱም አልገባ፣ በዚያው ወደ ልጁ ወደ ጮቄ ወጣ።

ልየው ኋላ ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ። ቄሱ ንስሐ ሰጡት። ስለዋሸህ አይደለም፣ ነፍስ ለማዳን ነውና እግዜር ያያል፤ ሲጥምህ ጊዜ ነው የበደልከው አሉት። እኔ አልተናዘዝኩም። ቢሆንም ጥሞኝ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እየሳቅኩ ነበር የምነግራችሁ። በለፈለፉ ባፍ ይጠፉ። በማግሥቱ አስተርጓሚው መጣና ዶቶሬው በፍርዳችሁ ተደስቷል አለን። ዓይናችንን ታስረን እናቀናዋለን ብላችኋል፤ ዓይናችሁን ማሰር አያስፈልግም፣ አቅኑት ብሏል። ባታቀኑት ግን የሦስታችሁም እጅ አንድ እንደሆነ እረዳለሁ ብሏል።

ልየው ያን ጊዜ የሰደበኝን ስድብ አልደግመውም፤ ይገባኛል።

ተማከርን። አቅንተነው ግራዝማች በቅሎ ላይ ከወጣ ጮቄ ይቃጠላል፤ ውዴ እዚያ ናት፣ አሁን አያ ሙጬም እዚያ ነው። ባናቀናው ገመድ ነው። ስለዚህ አስመስለን አያ ሙጬ ያደረገውን እንድገመው ተባባልን። እንስበረው፣ ለዶቶሬው ዓይን እናቅናው፣ ያችን ታህል ብቻ ወደ ውጭ እናስቀራት። እሱ ከቻለ እኛ ለምን ያቅተናል? አያችሁ፣ አሁንም ትዕቢታችን አልበረደም።

ግራዝማችን የሚያስተኛ መድኃኒት አሽትተው አስተኙት። ሰበርነው። ድምፁን አልነግራችሁም። ዶቶሬው ከጀርባዬ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እኔ ከላይ ያዝኩ፣ ልየው ተረከዙን ይዞ ሳበ፣ ሲስብ ወደ ውጭ ሊያዞር።  በዚህ መሃል አጥንቱ ከጣቴ ሥር ቀጭ ብሎ ቦታው ገባ።

ስንቱን ድሃ ላብ እስኪያጠምቀኝ ስስብ፣ ግባ ስለው እምቢ ሲለኝ የኖረ አጥንት! ለስንቱ እናት ልጅ ያልገባ! አጥንቱም ባንዳ ነው አልኩ በልቤ። መልሼ ላወጣው ስሞክር ዶቶሬው አይቶ «ብራቮ» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ልየው ሲያስር ማሰሪያውን ሊያላላው ሞከረ፤ ዶቶሬው በገዛ እጁ አጠበቀው። ዕለት ዕለት ራሱ እየመጣ ያይ ነበር። እኛ አንካሳ ስንሠራ ኖረን፣ አንካሳ በፈለግንበት ቀን የሠራነው እንደ ሸምበቆ የቀና እግር ሆነ።

ከከተማ መውጣት በፈቃድ ነው፤ ለእኔና ለልየው ደግሞ ግራዝማች ድኖ እስኪነሳ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ወደ ሮብ ገበያ የምትወጣ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ለመንን። ለአያ ሙጬ ንገሪው አልናት፤ እግሩ ቀንቷል፣ ሰውም ከብትም ይዛችሁ ውጡ፤ ጫኔ በማርያም ምሏል በይው።

ሴትዮዋ ስትመለስ እየሳቀች ነው የመጣችው። እዚያም ሲስቁ ነው የተለየቻቸው። ዱር ያሉት ሳቁ። ውዴ፣ አባቴ ያጣመመውን እነ ጫኔ ሊያቃኑት? እንግዲያስ ደህና እንተኛ ብላ ሳቀች። ወጌሻ ሁሉ ስለ ሥራው በማርያም ይምላል፤ ማን ያምነዋል? አያ ሙጬስ ምን አለ አልኳት። «ለጫኔ ንገሪው» ብሏታል፣ «ራሱን አያሞግስ።»

ምን ትሉታላችሁ? እኛ እሱን ደንቆሮ ያልነው ውሸታችንን ነበር፣ ዳነበት። እሱ እኛን ደንቆሮ ያለን ከልቡ ነው። ደግሞም ልክ ነበር፤ ከዚያች ከአንዲት ቀን በቀር።

ሁለተኛ የሚሄድልን ሰው ስንፈልግ ጦሩ ቀደመን። ግራዝማች ጫማውን አውልቆ ለአሽከሩ ሰጠና በቅሎው ላይ ወጣ። ከሐኪም ቤቱ ደጅ ቆሜ አየሁት። ዶቶሬው ለእኔና ለልየው ሽቱ ሽቱ የሚል የጣሊያን ሳሙና ሸለመን።

እሑድ ነው የደረሱባቸው። አያ ሙጬ ቅዳሴ ላይ ነበር፤ የተረፈው በዚያ ነው። ውዴ ቤት ውስጥ ነበረች። ባሏም፣ ከሱ ጋር እህል የሚቀምሱትም እዚያው ነበሩ። በሩን ከውጭ ይዘው ነው ያቃጠሉት። ይህን በሌላ ቃል የምነግርበት መንገድ የለኝም። ዳቦ ትቆርስልን ነበር።

ለለቅሶ ወጣን። ያን ጊዜማ የተመሰገንን ሰዎች ነንና ፈቃድ አላጣንም። ልየው ከደጅ ጀምሮ ደረቱን እየመታ ገባ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አያ ሙጬ ከዛፍ ሥር ኩታውን ዘቅዝቆ ለብሶ ተቀምጧል። ሊተፋብኝ ነው፣ ወይም ሊረግመኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያደርገው በወደድኩ። አጠገቡ ተንበረከክኩ። እጄን ያዘ። ወጌሻ እጅ አይጨብጥም፣ ይዳስሳል፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ቆየ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሆኜ ሲያልፍ አየሁት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጭሱን ሳላይ በፊት ጣቱን አየሁ። እርካቡን ጥንቅቅ አድርጋ ይዛለች። አሳምረህ ሠርተኸዋል ጫኔ። አባቴም ቢሆኑ ከዚህ አያልፉም።»

ብዙ ሰው ያለቅሳል። እኔም እያለቀስኩ ነበር። እና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እዚያው ተንበርክኬ፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ።